የመሐመድሰዒድ ሸክም

ከወረታ ገበያ ወደ ደብረ ታቦር በሚያስወጣው መንገድ ጥግ፣ ፊቱ ሱቅ ጓሮው መኖሪያ የሆነ ባለ ቆርቆሮ ቤት ነበር። ዘሊካ ገና በአሥራ አምስት ዓመቷ እዚያ ቤት ተዳረች። ባሏ መሐመድሰዒድ አቡጀዲና ጨው ይነግድ ነበር፤ ይሁን እንጂ ሱቁ ውስጥ የሚገኝበት ቀን ጥቂት ነው። ገበሬዎች በድንበር ሲጣሉ አስታራቂው እሱ፣ ሙስሊም ሞተ ክርስቲያን ሞተ ድንኳን ተካዩ እሱ፣ ክረምት ላይ የርብ ወንዝ ሞልቶ የፎገራ ሜዳ ባሕር ሲሆን ከብት ለማውጣት ሱሪውን ሰብስቦ ውሃ የሚገባው እሱ። ሲመሽ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ይመለስና፣ የትንሿን ልጁን የሀቢባን ጸጉር እየዳበሰ መደቡ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ይዞት ይሄዳል። ዘሊካ አንዳንዴ ታጉረመርም ነበር። ለሰው ሁሉ የሆነ ሰው ለቤቱ ምን ይተርፈዋል? ግን ደግሞ ልጆቹን ሳይስም የወጣበት አንድም ቀን እንዳልነበረ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

በ1951 ዓ.ም. መስከረም ቢጠባም ዝናቡ አልወጣ አለ። ውሃው ሜዳው ላይ ተኛ፤ ከውሃው የወባ ንዳድ ተነሣ። ጤፉ አራሚ አጥቶ በአረም ተዋጠ፤ ላሞች አላቢ አጥተው በየበረቱ ጮኹ፤ አንዳንዱ ቤት ሬሳ የሚያወጣ ሰው እንኳ ጠፋ። መሐመድሰዒድ ሱቁን ዘግቶ ከጎንደር በጭነት መኪና ኪኒን እያስመጣ፣ በበቅሎ እየዞረ ቤት ለቤት ያድል ጀመር። ለራሱ ልጆች የሚሆን አንድ እሽግ ግን ዘሊካ ሣጥን ውስጥ ቆልፋበት ነበር።

አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ ከአያልነህ ቤት ተመለሰ። አያልነህ ሜዳው ላይ የሚኖር ገበሬ፣ የልብ ወዳጁ ነው። የአያልነህ ሚስት ገላነሽ ደግሞ፣ ሀቢባ ስትወለድ ዘሊካ በጠና ታማ ጡቷ ቢደርቅ፣ ሕፃኗን ከራሷ ልጅ ጋር አርባ ቀን ሙሉ ያጠባች ሴት ናት። አሁን ባልና ሚስቱ ከነአምስት ልጆቻቸው ወድቀዋል፤ ውሃ የሚያቀብላቸው የለም። መሐመድሰዒድ የያዘው ኪኒን አልቋል፤ ሌላው የሚመጣው ሐሙስ ነው። ይህን ሁሉ ነግሯት ሲያበቃ ዐይኑን ወደ ሣጥኑ መለሰ።

«የልጆቻችን ነው» አላት። «አንቺ እምቢ ካልሽ አልነካውም።»

ዘሊካ ደጅ የምትጫወተውን ሀቢባን አየቻት። ልጅቷ ደህና ነበረች። ሐሙስም ሩቅ አይደለም። ቁልፉን ከወገቧ ፈታች፤ እሽጉን በገዛ እጇ አውጥታ ሰጠችው።

ማክሰኞ ሀቢባን ብርድ ብርድ አላት። ረቡዕ ገላዋ እሳት ሆነ። ሐሙስ መኪናው አልመጣም፤ አልወጣ ያለው ዝናብ ርብ ዳር መንገዱን ቆርጦት ኖሯል። መሐመድሰዒድ በበቅሎ ወደ ይፋግ ገሰገሰ፤ መኪናውን እዚያ አገኘው። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በፊት ኪኒኑን በጉያው ይዞ ሲደርስ የሰባት ዓመቷ ሀቢባ ነጭ ጨርቅ ተሸፍና ነበር… አባት እንዲህ ባለ ሰዓት ምን ይላል? መሐመድሰዒድ አጠገቧ ተቀምጦ እግሯን በእጁ ያዘ።

ከቀብር መልስ ቤቱ ሰው ሞልቶት ሳለ የዘሊካ እናት እመት ሸሪፋ ባዶውን ሣጥን ከፍተው ቆሙ። የዚችን ልጅ መድኃኒት ለባዕድ አውጥቶ የሰጠ ማነው ብለው ጠየቁ። ዘሊካ ወገቧ ላይ ያለውን ቁልፍ ጨበጠች።

«እኔ ነኝ» አለ መሐመድሰዒድ። «ዘሊካ ሳታይ ወሰድሁት።»

አማቱ ረግመውት ወጡ። የሀቢባ ታላቅ ወንድም፣ የአሥራ ስድስት ዓመቱ ኡመር፣ በር ላይ ቆሞ አባቱን ለረጅም ጊዜ አየው፤ ዓመት ሳይሞላ ቤቱን ጥሎ መተማ ገባ። ዘሊካስ? ነገ እናገራለሁ አለች። ነገ ሲመጣ ለሌላ ነገ አስተላለፈችው። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ አለፈ። ደከማት፤ ውሃ ቀድታ ሳይሆን፣ እህል ፈጭታ ሳይሆን፣ ያንን አንድ ቃል ውጣ በመኖር ደከማት። መሐመድሰዒድ ጸጉሩ በአንድ ክረምት ሸበተ፤ ቢሆንም ማስታረቁን፣ ድንኳን መትከሉን አልተወም። ያንን ሰኞ አንድም ቀን አላነሣባትም። ከመተማ ለእናት ብቻ የተጻፈ ደብዳቤ ሲነበብ ቀስ ብሎ ደጅ ይወጣል፤ ስሙ እንደሌለበት ያውቃልና።

በ1960 መጋቢት ላይ ደረቱን አሞት ወደቀ። እንደማይነሣ ሲገባት ዘሊካ አጠገቡ ተንበረከከች።

«ለኡመር ልንገረው። ይሄን ይዘውብኝ አይሂዱ።»

ዐይኑን ገለጠ። «ልጁ አንድ ወላጅ አጥቷል» አላት። «ሁለተኛውን አታሳጪው።»

በማግስቱ ሞተ። ገበሬው ከሜዳው፣ ነጋዴው ከይፋግ ጎረፈ፤ ቃሬዛውን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ እየተቀባበለ ተሸከመው። ኡመር የደረሰው በሦስተኛው ቀን ነው። እንደ እንግዳ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ለቀስተኛው ተራ በተራ የአባቱን ደግነት ሲያወራ እሱ መሬት መሬት ያያል። አያልነህ አምስቱን ልጆቹን፣ ጎረምሶቹንና ኮረዶቹን አስከትሎ መጣ። እነዚህ ሁሉ በአባትህ ነው ያሉት ብሎ አለቀሰ። ኡመር ቀና ብሎ አያቸው።

«በአባቴ አይደለም» አለ። «በእኅቴ ነው።»

ያ ሁሉ ሕዝብ የሚወደው ሰው ከመቃብር በታች ሆኖም ሊሰደብ? ዘሊካ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣች።

«ሣጥኑን የከፈትሁት እኔ ነኝ» አለች። «አባትህ እምቢ ካልሽ አልነካውም ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ የሰጠሁት። ለእኔ ብሎ ዋሸ።»

ኡመር ተነሥቶ ወደ መቃብሩ ሄደ። እኩለ ቀን አለፈ፤ የዐስር ሶላት ተሰገደ፤ አልመጣም። ዘሊካ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ መንገዱን ስታይ ዋለች። ይሄኔ መኪና ተሳፍሯል፣ እሱንም አጣሁት አለች በልቧ… ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጉልበቱ አፈር እንደለበሰ፣ ዐይኑ አብጦ መጣ። ፊቷ ሲደርስ ቆመ።

«አንድ ቀን እንኳ ደብዳቤ አልጻፍሁለትም» አለ። ከዚያ እጇን ይዞ አስነሣት። «እማ፣ ደክሞሻል። ግቢና ተኚ። እንግዳውን እኔ እቀበላለሁ።»

ዘሊካ ገብታ ጋደም አለች። ከደጅ ሰዎች አላህ ጽናቱን ይስጥህ ሲሉት፣ ልጇም የሟች ልጅ በሚቀመጥበት ቦታ ሆኖ አሜን ሲል ሰማች። ለአባቱ ግን ምን ይጠቅመዋል? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሊሰማው የናፈቀውን ድምፅ ሦስት ቀን ዘግይቶ አመጣለት። ዕድል ለአንዳንዱ ሰው እንዲህ ናት፤ የሚገባውን ሁሉ ታመጣለች፣ የምታመጣው ግን እሱ ከሌለበት ቤት ነው።