ሁለት ጣት ሙጫ

ዚልፋ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር በሆዷ ይዛ ኖራለች፤ ባሏ አሞስ ከሙጫ ማፍያው ጋን ላይ ወድቆ የሞተ ዕለት ማንም ምንም አልጠየቃትም። «ሰክሮ ነው» ተባለ፣ ተቀበረ፣ አለቀ። አሞስ ደግሞ መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ይህን ልትናገር ብትቆም፣ «ሂጂ ልብስሽን እጠቢ» አሏት።

ባለፈው እሑድ ሽማግሌው ጋሪ ነጂ ሆዜያ ደጃፏ ላይ መጥቶ ተቀመጠ።

«ያን ቀን ከአሞስ ጋር ጋኑ ላይ የቆመውን ሰው አይቻለሁ» አላት።

«ማን ነው?»

«ላንቺ ብነግርሽ ወይ ትገድያለሽ ወይ ትሞቻለሽ። ለዳኛው ነው የምነግረው። አርጅቻለሁ፣ ከእንግዲህ ምን ይቀርብኛል?» አለ፣ መንገደኛው ሁሉ እስኪሰማው ጮክ ብሎ።

ሐሙስ ጠዋት ሆዜያ ጥድ ጫካው ውስጥ ማጅራቱን ተመትቶ፣ ሞቶ ተገኘ።

የተገኘው የዚልፋ ታናሽ ወንድም ኤልባርት ሙጫ ለማውጣት በሚበጣቸውና የሙጫ መቀበያ ቆርቆሮ በሚሰቅልባቸው ዛፎች መካከል ነው። ሠራተኞቹን በፈረስ እየዞረ የሚቆጣጠረው ክራንዳል ጊዜ አላባከነም። «ሰኞ ጠዋት ሲጣሉ ሰው ሁሉ ሰምቷል። የጠፉ በቅሎዎች ፈልግ ብዬ ሆዜያን ወደ ወንዙ ልኬው ነበር፤ ወንዙ ጋ ሳይደርስ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ እዚህ ገደለው» አለና ኤልባርትን ከጋሪ ጎማ ጋር በሰንሰለት አሰረው። የሰፈሩ ጌታ ካፒቴን ላይል ዳኛ አስጠራ። ዳኛው ቀትር ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ኤልባርትን የሚጠብቀው ገመድ ነው። ማምለጫ የለም። በአንድ ወገን ረግረግ፣ በሌላው ወገን ድልድይ፤ ድልድዩ ላይ ጠመንጃና ውሻ። ሞክረው የተመለሱትን ሁሉም ያውቃቸዋል፤ ሲሄዱ ያነክሳሉ።

ዚልፋን፣ «ዳኛው እስኪመጣ ከሬሳው ላይ ዝንብ ከልክይ» ብለው ላኳት። እሷ ግን መጀመሪያ ወደ ጋሪው ሄደች።

«በምን ነበር የተጣላችሁት?»

«በበቅሎዋ ነው፣ እትዬ። እንድታነክስ አደረግካት አልኩት፣ ሰደበኝ፣ ሰደብኩት። ሳቅንም እኮ በኋላ።»

«ቆርቆሮዎቹ መቼ ተራገፉ?»

«ሰኞ ጠዋት። ከሰዓት በኋላ ዛፎቹን አዲስ በጣኋቸው።»

«ከዚያስ?»

«ማክሰኞ ሌላ ጥግ ዋልኩ። ረቡዕማ ከንጋት እስከ ማታ ሁላችንም ግቢ ነበርን፣ በሩ ተቆልፎብን በርሜል ስንጭን። ይሄ ምን ያደርግልኛል? እኔን የሚያስፈልገኝ ጸሎት ነው።»

«ጸሎቱን አንተ ያዝ። እኔ ቆርቆሮውን ልየው።»

ሆዜያ ከቁጥቋጦ ጀርባ በደረቱ ተደፍቷል። የስንቁ ከረጢት ባዶ ነው፤ ለሦስት ቀን የተቋጠረለት የበቆሎ ቂጣ ፍርፋሪ ብቻ ቀርቶታል። ከአጠገቡ ባለው ጥድ ምስማር ላይ የሸሚዙ እጅጌ ቁራጭ ተንጠልጥሏል። ከምስማሩ ላይ የነበረው ቆርቆሮ መሬት ላይ በጎኑ ወድቋል። ዚልፋ አጎንብሳ ውስጡን አየች፤ ከዚያ የጎረቤት ዛፎቹን ቆርቆሮዎች እየዞረች አየች።

ክራንዳል ከፈረሱ ሳይወርድ ያያታል።

«ጌታ ክራንዳል፣ ይሄ ቆርቆሮ መቼ ወደቀ?»

«ምን አገባሽ?»

«ዳኛው ሲመጣ አንቺ ነሽ የጣልሽው እንዳልባል ነው።»

«ማክሰኞ ማታ በዚህ ሳልፍ ወድቆ አይቼዋለሁ። አሳማ የጣለው መስሎኝ አለፍኩ። ሬሳው በቁጥቋጦው ተጋርዶ ነበር።»

«እንዲያ ነው?» አለችና ዝንቧን መከልከል ቀጠለች።

ቀትር ላይ ዳኛ ፒቪ ደረሰ። ካፒቴኑ ከቤቱ ባስመጣው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ዳኛው ግንድ ላይ። የመደብሩ ሰው ቱሚ፣ ክራንዳልና ሠራተኞቹ ሁሉ ዙሪያውን ቆሙ። ክራንዳል የሰኞውን ጠብና ማክሰኞ ማታ ወድቆ ያየውን ቆርቆሮ ቃል በቃል ተናገረ።

«ሌላ የሚናገር አለ?» አለ ዳኛው።

«እኔ አለሁ» አለች ዚልፋ።

«ዚልፋ፣ አንቺ ልብስሽን...» ብሎ ካፒቴኑ ጀመረ።

«ተዋት» አለ ዳኛው። «ቶሎ በይ፣ ሙቀት ነው።»

«ክቡር ዳኛ፣ በልጅነትዎ ሙጫ ሠርተዋል ይባላል። ሰኞ ጠዋት እነዚህ ቆርቆሮዎች ባዶ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ዛፉ ተበጣ። እስቲ የወደቀውን ይዩት፤ ሙጫው ግድግዳው ላይ ስንት ጣት ይዟል?»

ዳኛው እያቃሰተ ተንበረከከ። ጣቱን አስገብቶ ለካ።

«ሁለት።»

«የጎረቤቱስ?»

ሄዶ ለካ። «ሁለት ተኩል ያልፋል።»

«በቀን አንድ ጣት ነው፤ የወደቀው የያዘው የሁለት ቀን ሙጫ ነው። ሰኞ ወይም ማክሰኞ ወድቆ ቢሆን ይሄ ሁሉ የሚገኘው ዛፉ እግር ሥር ነበር። መሬቱን ይዳብሱት።»

«ጥቂት ጠብታ ብቻ ነው፤ ሌላው ደረቅ ነው።»

«ስለዚህ ረቡዕ ነው የወደቀው። የሆዜያ እጅጌ ምስማሩ ላይ ቀርቷል፤ ሲወድቅ ቆርቆሮውን ይዞት ወርዷል። ስንቁንም እየዞረ በልቶ ጨርሷል። ሰኞ የሞተ ሰው የረቡዕን ቂጣ አይበላም።»

«ቂጣውን ሌላ ሰው ይበላው ይሆናል» አለ ቱሚ።

«ይሁን፣ ቂጣውን እንተወው። ረቡዕ እኛ የት ነበርን ጌታ ቱሚ? ቁልፉ እርስዎ ኪስ ነበር።»

ቱሚ ካፒቴኑን አየ። «ግቢ ናቸው። አንድም ሰው አልወጣም። እኔም በሩ ላይ ነበርኩ።»

«እኔ ደግሞ ሳቫና ከተማ ነበርኩ፣ ዛሬ ጠዋት ነው የገባሁት» አለ ካፒቴኑ ሳይጠየቅ።

«እንግዲህ ያ ቁልፍ ለኤልባርት መሰከረለት። ውጪ የዋለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሆዜያንም ወንዝ የላከው፣ መቼ በየት እንደሚመለስ የሚያውቀውም እሱ ነው። ጌታ ክራንዳል፣ ማክሰኞ ማታ ያ ቆርቆሮ ምስማሩ ላይ ተሰቅሎ ሙጫ ይጠጣ ነበር። ያልወደቀውን እንዴት ወድቆ አዩት?»

«በቆርቆሮ ልትሰቅሉኝ ነው?» አለ ክራንዳል።

«ከፈረስ ላይ ውስጡ አይታይም። የሚያየው ያጎነበሰ ሰው ነው» አለች ዚልፋ።

ከሠራተኞቹ አንዱን ሳል የመሰለ ሳቅ አመለጠው። ዳኛው ጣቱ ላይ የተጣበቀውን ሙጫ እያሻሸ፣ «ጠመንጃህን አምጣ፣ ክራንዳል» አለ። ይፈረድበት ይሆን? እዚያ ከቆሙት አንድም ያመነ የለም። የኤልባርት ሰንሰለት ግን ተፈታ።

«ጨርሰናል» አለ ዳኛው ወረቀቱን እያጠፈ። ካፒቴኑም ሰዎቹን ወደ ሥራ ሊነዳ ከወንበሩ ተነሣ።

ዚልፋ ሄዳ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች።

«አብደሻል? ተነሺ» አለ ቱሚ።

«አሞስ ቲለሪ» አለች ዳኛውን እያየች። «ከጋኑ ላይ ወድቆ የሞተው። ባሌ ነው። ሆዜያ የሞተው ስለሱ ሊነግርዎ ብሎ ነው።»

«ሴትዮ፣ ከሞተ ስንት ዓመት ሆነው?»

«አሥራ አንድ። ያኔ አልጠየቃችሁኝም። አሁን ጠይቁኝ።»

ኤልባርት የታሰረበትን እግሩን እያሸ መጥቶ ከወንበሩ ጀርባ ቆመ። ከሠራተኞቹ ወደ ዛፎቹ የተራመደ አልነበረም። ካፒቴኑ ሁለቴ ጮኸ፤ ማንም አልሰማውም። ፀሐይዋ ዘንበል እስክትል እንዲያው ቆዩ።

ዳኛው ወረቀቱን መልሶ ዘረጋ።

«ባልሽ ይጠጣ ነበር?»

«አይጠጣም ነበር» አለች ዚልፋ፤ ዳኛው ይህን እስኪጽፍ ድረስም ዓይኗን ከእጁ ላይ አላነሣችም።