ከመልአኩ ክንፍ ሥር

«ያንን ጫፍ ያዢልኝ» አለች ዴቦራ፣ የቀዩን ገመድ አንዱን ማቆሚያ ብድግ አድርጋ።

ኢሌኒያ ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ማንም የለም። የቁልፍ ያዡ የጋሽ ኡቾ ኮቴ ከጎን ወዳለው የመኳንንት ቤተ መንግሥት ግቢ በሚያወጣው መተላለፊያ እየራቀ ይሰማል። ጠዋት ገመዱን ሲወጥሩ ወደ ላይ እያሳዩ ነግረዋቸው ነበር። ከጎን መሠዊያው አናት ያለው የድንጋይ መልአክ ክንፉ ተሰንጥቋል፤ ጠጋኞቹ እስኪመጡ ድረስ ማንም ከሥሩ እንዳይቆም።

«ጋሽ ኡቾ ግን…»

«አቦ አታካብጂ፤ ሁለት ሜትር ናት። ጠዋት ሰዉ ሁሉ ፎቶ አልገባልንም እያለ ሲያማርር አልሰማሽም? ጎብኚዎቹ ሲወጡ እንመልሰዋለን።»

ኢሌኒያ ማቆሚያውን ያዘች። ገመዱን ተጋግዘው ወደ መሠዊያው አስጠጉት።

ለዴቦራ እምቢ ማለት ይከብዳታል። ከሁለት ዓመት በፊት ከመንደሯ ወደ ሌቼ ከተማ ለትምህርት ስትመጣ በአነጋገሯ የሳቁባትን ልጆች ዝም ያሰኘች፣ ቦርሳዋን ከወንበር ላይ አንስታ «ነይ፣ እዚህ ቁጭ በይ» ያለቻት ዴቦራ ናት። ዘንድሮ ደግሞ ዴቦራ አፋፍ ላይ ነች። አንድ ክፍል ደግማለች፤ ሁለት ማስጠንቀቂያ ተጽፎባታል። ሦስተኛው ከመጣ ዓመቱ ተቃጠለ ማለት ነው። ተዘግተው የሚከርሙት አብያተ ክርስቲያናትና የመኳንንት ቤቶች ለሕዝብ በሚከፈቱበት በዚህ ቅዳሜና እሁድ አስጎብኚዎቹ ተማሪዎች ናቸው፤ መምህርት ካፑቶ ዴቦራን ከእነሱ መሃል ያስገቧት ለምነው ነው። አስተባባሪዋ ጥሩ ቃል ከጻፉላት ጽሑፉን ይዘው የመምህራኑ ስብሰባ ላይ እንደሚከራከሩላት መምህርቷ ቃል ገብተውላታል።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ከቤርጋሞ ከተማ የመጡ ሃያ ያህል ጎብኚዎች ገቡ። ከኋላቸው አስተባባሪዋ ወይዘሮ ማርዛኖ ደብተራቸውን ይዘው ቆሙ። ዴቦራ ስታስጎበኝ ሌላ ሰው ትሆናለች፤ ክፍል ውስጥ አንድ መስመር ማንበብ የሚያስጠላት ልጅ እዚህ ቃላቱ ከአፏ እንደ ውሃ ይፈሳሉ። የጎረቤቱ ቤተ መንግሥት ባለቤቶች፣ የጉዊኒ መኳንንት፣ ከቤታቸው ሳይወጡ ቅዳሴ የሚሰሙበትን ከፍ ያለ መስኮት አሳየቻቸው። የአገሩ ድንጋይ በቢላ የሚቆረጥ ለስላሳ በመሆኑ ጠራቢው አበባውንና ፍሬውን እንደ ዳንቴል እንደሠራው ነገረቻቸው። ወይዘሮ ማርዛኖ ፈገግ ብለው አንድ ነገር ጻፉ።

«ወደ ውስጥ ጠጋ በሉ» አለች ዴቦራ። «የመልአኩ ፊት ከዚህ ነው የሚታየው።»

አንዲት ወጣት ሴት አራት ዓመት የሚሆነውን ልጇን ይዛ ከመልአኩ ሥር ቆመች።

መጀመሪያ ያየችው ኢሌኒያ ናት። እንደ ዱቄት የነጣ ብናኝ በልጁ ጥቁር ጸጉር ላይ ቦነነ። ቀና አለች። ከክንፉ ሥር ያለው ስንጥቅ የጠዋቱን ያህል ነው? ወይስ ሰፍቷል? መናገር ነበረባት። ዴቦራ ግን ወሬዋ መሃል ነች፤ ወይዘሮ ማርዛኖም ገና እየጻፉ ነው። ይህቺ ዓረፍተ ነገር ትለቅ ብላ ጠበቀች። አለቀች። ሌላ ተጀመረች። ብናኙ እንደገና ወረደ። «ይቅርታ» ልትል አሰበች፤ ይህችም ትለቅ ብላ ተወችው።

ልጁ እጁን ከእናቱ መንጭቆ ወደሚበሩት ሻማዎች ሮጠ። እናቱም ተከተለችው።

ከዚያ ድው አለ። ልጁ ቆሞበት የነበረው ንጣፍ ላይ ዳቦ የሚያህል ድንጋይ ተከስክሶ፣ ስባሪው የሴትዮዋን ቁርጭምጭሚት ቆረጠው። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ በሩ ተጋፋ።

ቁስሉ ከባድ አልነበረም። የተጠሩት የሕክምና ረዳቶች ጠርገው አሰሩላትና ሄዱ። ወይዘሮ ማርዛኖ ግን ከንፈራቸው ነጥቶ፣ ገመዱ እንዴት እዚያ ድረስ ሊገባ እንደቻለ ሁለቱን ጠየቁ።

ዴቦራ ቀደመች። «ከምሳ ስንመለስ እዚያው ነበር።»

ኢሌኒያ መሬት መሬት አየች። ዝምታዋም እንደ ምስክርነት ተቆጠረ።

ጋሽ ኡቾ ተጠርተው መጡ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ያንን ቤተ ክርስቲያን ከፍተው መዝጋት ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። ይቆጣሉ፣ ይከራከራሉ ብላ ጠብቃ ነበር ኢሌኒያ። እሳቸው ግን ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት።

«ከምሳ በፊት ወለሉን ስጠርግ አንስቼው ነበር» አሉ ቆይተው። «መልሼ ቦታው ያቆምኩት መስሎኝ ነበር።»

«መስሎኝ?» አሉ ወይዘሮ ማርዛኖ።

«ዘንድሮ ራሴን አላምነውም፤ ባለፈው ሳምንት የቤቴን ቁልፍ ዳቦ ቤት ረስቼ ሄጃለሁ።» ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፎች ከቀበቷቸው ፈትተው አግዳሚው ላይ አስቀመጡ። «ያ ሕፃን…» ብለው ጀመሩና ተዉት።

ወይዘሮ ማርዛኖ ሪፖርቱን ለመጻፍ ወደ ጓዳው ገቡ። ልጃገረዶቹ ወጥተው ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

«ስሚኝ» አለች ዴቦራ በሹክሹክታ። «ማንም አልሞተም። እሳቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ምን ያደርጓቸዋል? ቤታቸው ይቀመጣሉ። እኔን ግን ያባርሩኛል። ታውቂያለሽ አይደል?»

ኢሌኒያ ታውቃለች። እውነቷን ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንደሚባለው፣ ነገሩ ዘወር ብሎ ከሳቸው ላይ አርፏል፤ ዝም ካለች እዚያው ይቀራል።

በተከፈተው በር ወደ ውስጥ አየች። ጋሽ ኡቾ ከዓምዱ እስከ መሠዊያው እየተራመዱ ነው። በእጃቸው የሌለ መጥረጊያ እንደያዙ አድርገው ጎንበስ አሉ። ቆሙ። የሌለውን ማቆሚያ አንስተው አስቀመጡ፤ ራሳቸውን ነቀነቁና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በሦስተኛው ግንባራቸውን በመዳፋቸው ይዘው መሃል ላይ ቀሩ፤ የገዛ ቤቱ መንገድ እንደጠፋበት ሰው።

ኢሌኒያ ተነሳች።

«ኢሌ፣ ተይ» አለች ዴቦራ እጅጌዋን ይዛ። «ፈታ በይ፣ ትንሽ እናስብ።»

ኢሌኒያ እጅጌዋን ቀስ ብላ አስለቀቀችና ገባች።

«ጋሽ ኡቾ፣ አልረሱም» አለቻቸው። «ቦታው መልሰውት ነበር። እርስዎ ሲወጡ ነው ያነሳሁት።»

አዩአት። የሚሰድቧት መሰላት። እሳቸው ግን አግዳሚው ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡና በረጅሙ ተነፈሱ። «መልሼው ነበር» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ነው ፊታቸው የጠቆረው። «ነግሬሽ ነበር እኮ፣ ልጄ።»

«ነግረውኛል።»

ጓዳ ያሉት ወይዘሮ ማርዛኖ ድምፅ ሰምተው ወረቀታቸውን ይዘው ወጡ። ኢሌኒያ ያንኑ ደገመችላቸው። ሙሉ ስሟን ጠይቀው ጻፉ። ከዚያ ብዕራቸውን ሳያነሱ፣ ያ ገመድ ማቆሚያው ሁለት መሆኑን፣ አንድ ሰው ብቻውን ሳይጎትት እንደማያነሳው፣ ወለሉ ላይ ደግሞ የመጎተት ምልክት እንደሌለ ነገሯት።

«ሌላኛውን ማን ያዘ?»

ኢሌኒያ ዞር አለች። በሩ ክፍት ነው። ደረጃው ላይ የዴቦራ ጀርባ ይታያል፤ አትንቀሳቀስም።

«ስለ ራሴ ነው የምናገረው» አለች። «ብናኝ ሲወርድም አይቻለሁ፤ እያየሁ ዝም ብያለሁ። እሱንም ይጻፉት።»

ወይዘሮ ማርዛኖ በሩን አዩ፤ እሷን አዩ። ከስሟ ሥር አንድ መስመር ባዶ ትተው ጻፉ።

ስትወጣ ዴቦራ ቀና ሳትል ጠየቀቻት። «ስሜን ጠራሽ?»

«አልጠራሁም። እንደገባቸው ግን እርግጠኛ ነኝ። ገብተሽ ብትነግሪያቸው ይሻላል፤ ከፈለግሽ አብሬሽ እገባለሁ።»

ዴቦራ ጃኬቷን አነሳች። የምትገባ መስሏት ኢሌኒያ መንገድ ለቀቀችላት። ዴቦራ ግን ደረጃውን ወረደች፤ አደባባዩን ዳር ዳሩን ይዛ ወደ ጠባቡ መንገድ ታጠፈች። ያን ቀን አልተመለሰችም።

ወደ መንደሯ የሚሄደው የአስራ አንድ ሰዓት አውቶቡስ ሊነሳ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። ከአደባባዩ ማዶ ካለው ካፌ ደጅ ያቺ ወጣት ሴት እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ተቀምጣለች፤ ልጇ በአልሞንድ የጣፈጠ የተፈጨ በረዶ በማንኪያ እየበላ ነው። ጸጉሩ ላይ ነጭ ብናኝ አለ፤ ማንም አላራገፈለትም። ለእነሱ ስለ ገመዱ የነገራቸው ሰው የለም። እንድትነግራቸው ያዘዛትም የለም።

ኢሌኒያ አንገቷ ላይ ያለውን የአስጎብኚነት ባጅ አውልቃ ኪሷ ከተተች። ጥቂት ቆማ አሰበችና መልሳ አጠለቀችው። ከዚያ አደባባዩን በመሃል አቋርጣ ወደ ጠረጴዛው ሄደች።