ከጭሱ በላይ የሞተው መሐንዲስ

መሐንዲስ ሌዮንሲዮ ባሬዳ በቅዱስ ጴጥሮስ በዓል ዋዜማ፣ ከኮረብታው ጫፍ፣ ራሱ ከተከለው የአየር መለኪያ ሥር ሞቶ ተገኘ። ሦስት ዓመት ሙሉ የወደብ ከተማውን የፑዌርቶ ሳልመራን አየር ከዚያ ጫፍ ላይ እየለካ «ንጹሕ» ብሎ ሲፈርም የኖረ ሰው ነው። በሰኔ ከተማው ሲያስል ያድራል፤ እሱ የቆመበት ጫፍ ላይ ግን ፀሐይ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ሬሳውን ያገኘው የመብራት ሠራተኛ ነው። ኢንስፔክተር ኤርሜሊንዳ ቹንጋ በእግሯ ወጥታ ስትደርስ ሦስት ሰዎች በየመኪናቸው ቀድመዋት ነበር፦ ከንቲባዋ ኦብዱሊያ፣ የዓሣ ዱቄት ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ዶን ሮሙሎ፣ የፋብሪካው ሐኪም ዶክተር ኡሩናጋ። የዓሣ አጥማጅ ልጅ የሆነችው ኤርሜሊንዳ ሦስቱንም የበሰበሰ ዓሣ እንደሚያይ ሰው አየቻቸው።

«አንሸራትቶት ወድቋል» አለ ዶክተሩ። «ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሞተው።»

«ሲወድቅ በአናቱ ነው ያረፈው? እንደ ዋናተኛ?» ኤርሜሊንዳ ዐሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብላ ደም የነካው ድንጋይ በመሀረብ አነሳች። «ይሄስ ራሱ ተንከባሎ ሄደ?»

ከሟቹ ኪስ ማመልከቻ አወጣች። መለኪያው ወርዶ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ እንዲተከል ይጠይቃል። ሦስቱም ግልባጭ ደርሷቸዋል።

«ከዓሣው ወቅት በኋላ ይሁን አልኩት» አለ ዶን ሮሙሎ።

«እኔ ደግሞ ከበዓሉ በኋላ» አለች ከንቲባዋ። «እንግዳ በሚመጣበት ሳምንት አየራችን መርዝ ነው ልበል? አንቺ ብትሆኚ ትያለሽ?»

«ልጆቹስ እስከዚያ ትንፋሻቸውን ይያዙ?»

«አፍሽን ሰብስቢ!»

«እሺ። ጠዋት የት ነበራችሁ?»

ከንቲባዋ ቤቷ፣ ዶን ሮሙሎ ቢሮው፤ ለብቻቸው። ምስክር ያለው ዶክተሩ ብቻ ነው። «ከሁለት ተኩል ጀምሮ በሽተኛ ሳይ ነበር» አለ ዘና ብሎ። «እንዲያውም ሦስት ሰዓት ላይ እታች ከተማ፣ ክሊኒኩ በር ላይ ቆሜ አየሁት፤ በሕይወት ነበር፤ እዚሁ መለኪያው አጠገብ ወዲያ ወዲህ ይል ነበር።»

ኤርሜሊንዳ ወደ መለኪያው ሄዳ በትንሿ መስኮቱ የዕለቱን መዝገብ አንድ በአንድ ወደ ኋላ መለሰች። ከዚያ ሦስቱንም ገደሉ አፋፍ ላይ አቆመቻቸው።

«ክሊኒክዎን ያሳዩኝ፣ ዶክተር።»

ከእግራቸው ሥር ግራጫ ጉም ብቻ ተዘርግቷል። የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት እንኳ አይታይም።

«በክረምት ቀዝቃዛው ባሕር የታችኛውን አየር ያከብደዋል፤ ሞቃቱ አየር ከላይ እንደ ክዳን ይገጥምበታል፤ ኮረብታዎቹ ደግሞ ዙሪያውን ይይዙታል። ጉሙም የዶን ሮሙሎ ፋብሪካ ጭስም መውጫ የላቸውም። በበጋ ቢሆን አየሁት ቢሉኝ አምንዎት ነበር። ዛሬ ግን የወደቡ የጉም ማስጠንቀቂያ ጡሩንባ ከንጋት ጀምሮ አላረፈም፤ አንድ ጀልባ አልወጣም። ታዲያ እርስዎ በምን ዓይንዎ አዩት?»

«ምናልባት... አፍታ ገለጥ ብሎ...»

«ይሁን። ይሄንንስ? ይህ መሣሪያ ከተማ ውስጥ ቢሆን የአንድ መኪና ጭስ ከቁም ነገር አይቆጥርም ነበር። እዚህ ግን አየሩ ንጹሕ ነው፤ ትንሿም ትታያለች። የመብራት ሠራተኛው የደረሳችሁበትን ሰዓት ነግሮኛል፤ ከቀትር በኋላ የክብርት ከንቲባ መኪና መጣ፤ ቁጥሩ አልተነቃነቀም። የዶን ሮሙሎም መጣ፤ አልተነቃነቀም። የእርስዎ አሮጌ ናፍጣ ሲደርስ ዘለለ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይም ልክ እንዲሁ ዘሏል። ሁለት ሰዓት ላይ ገድለውት፣ ሁለት ተኩል ክሊኒክ ገቡ። እስከ ሦስት ሰዓት በሕይወት የሚያቆይልዎ ምስክር ስላስፈለገዎት ራስዎ በወሬ አቆዩት።»

ዶክተሩ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ሌዮንሲዮ ሴት ልጁን ሦስት ክረምት እያሳላት አመጣልኝ። ሦስቴም ብርድ ነው ብዬ መለስኳት። ዛሬ ‹እኔም ዋሽቻለሁ፤ አንተም ታውቅ ነበር፤ አብረን እንናገር› አለኝ። የአራት መቶ ልጅ ካርድ ላይ ብርድ ብዬ ፈርሜያለሁ! ምን ብዬ ልናገር?»

«ሐኪም መስለውኝ ነበር» አለች ኤርሜሊንዳ ካቴናውን እያጠለቀችለት። «ለካ የፋብሪካው ማኅተም ነዎት።»

«ምስኪን ሌዮንሲዮ!» አለች ከንቲባዋ፣ የሌለ እንባ እየጠረገች።

«ምስኪን አይበሉት። ሦስት ዓመት ዋሽቶ አንድ ጠዋት እውነት ሊናገር የሞከረ ሰው ነው። እናንተ ያቺን አንድ ጠዋት እንኳ የላችሁም።» መለኪያውን ከነባትሪው ነቅላ ለከንቲባዋና ለዶን ሮሙሎ አስታቀፈቻቸው። «ወደ ትምህርት ቤቱ። በእግር።»

ዶን ሮሙሎ ሊቃወም አፉን ከፈተ፤ ካቴናውን አይቶ ዘጋው።

የኮረብታው ወገብ ላይ ሲደርሱ ጉሙ ዋጣቸው። የዓሣው ግማት ጉሮሯቸውን ያዘ፤ የመለኪያው ቁጥርም መውጣት ጀመረ።

«አጥፊልኝ» አለች ከንቲባዋ እያሳላት።

«ያንብቡት።»

«ሠላሳ...»

«ጮክ ብለው።»

ከታች፣ ከማይታየው ግቢ፣ የሚያስሉ ልጆች ድምፅ ይሰማል።

«ዘጠና» አለች ከንቲባዋ። «መቶ ሠላሳ። መቶ ዘጠና...»

ገና ግማሽ መንገድ ቀርቷቸው ነበር።