የዘጠኝ ሰዓቱ ተረካቢ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ የምጽፈው ያየሁትን ነው...

ይህን ቻናል ከተጀመረበት ጊዜ አንስቶ አነባለሁ። "ሌሊት ነበር፣ መብራት ጠፍቶ ነበር" ብላችሁ ስትጀምሩ እስቅ ነበር። የኔ የሆነው ግን በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሰው በሚተራመስበት ዋና መንገድ ላይ፣ በተዘጋው የጨርቅ ፋብሪካ አጥር ሥር።

የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። አዎ፣ ሴት ሹፌር። መንዳት ያስተማረኝ አባቴ ነው። እሱም እኔ አሁን በምሠራበት መስመር ላይ ዕድሜውን ሙሉ ነድቷል፤ ለድሮው ድርጅት።

ሰው ሁሉ "ጋሽ ፍሬን" ነው የሚለው። ሮጦ የሚመጣ ሰው በስፖኪዮ ካየ ፍሬን ይይዛል። አሮጊት ካየ ይይዛል። ጫማዋ የወለቀባት ተማሪ ካየ ይይዛል።

"ጋሽ ፍሬን፣ አንተ እኮ ምሰሶም ታሳፍራለህ" ይሉታል።

"እጁን ካነሳ ምን ችግር አለው?" ይላል እሱ።

በድሮዎቹ ሹፌሮች ዘንድ የትም ያልተጻፈ አንድ ሕግ ነበር። ተራ የሚቀያየሩት በዚያ ፋብሪካ ፌርማታ ላይ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ነው። ሞተር አይጠፋም። የሚወርደው ሹፌር፣ ተረካቢው መጥቶ መሪውን እስኪይዝ ድረስ እጁን አያነሳም። ተረካቢው መሪውን ይዞ "ተረክቤያለሁ" ይላል። የሚወርደው "በሰላም ያግባህ" ብሎ ይወርዳል። ከወረደ በኋላ ዞሮ አያይም። ዞሮ ማየት ተረካቢን አለማመን ነው።

ተረካቢ ከቀረስ?

ሌላ ዙር ይነዳል።

"መሪ ያለ እጅ አይቀመጥም" ይለኝ ነበር አባቴ። "ያላስረከበ ሹፌር ቤቱ ቢገባም ገና መንገድ ላይ ነው።"

ልጅ ሆኜ ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ለውጥ መጣ። መስመሩ ለአዲስ ድርጅት ተሰጠ ተባለ። አዳዲስ አውቶቡሶች ገቡ፤ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ፣ ድምፅ የሌላቸው። ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ተጨበጨበ። ለድሮዎቹ ሹፌሮች ቀኑን እንኳ የነገራቸው የለም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ አይደል የሚባለው።

በዚያ ቀን አባቴ እንደ ወትሮው ፋብሪካው ጋ ቆሞ ተረካቢውን ይጠብቃል። ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ሁለት ጎረምሶች ገቡ።

"ፋዘር፣ ውረድ።"

"ተረካቢዬ አልመጣም።"

"የምን ተረካቢ? መኪናው ሊቆራረጥ ነው።"

"እሺ፣ አንዳችሁ መሪውን ያዙና 'ተረክቤያለሁ' በሉኝ። ወዲያው እወርዳለሁ።"

ሳቁበት። ቁልፉን ነቀሉ። ጣቶቹንም ከመሪው ላይ እየፈለቀቁ አላቀቋቸው።

አውቶቡሱ እየተጎተተ ሄደ። አባቴ በእግሩ ቤት ገባ። ሁለት እጆቹ ደረቱ ፊት ለፊት ነበሩ... መሪ እንደያዙ።

ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የጠየቃቸው አንድ ቃል ነበር። አንዲት ቃል!

ከዚያ በኋላ አባቴ እንደ ድሮው አልሆነም። ሐኪሙ "የዕድሜ መርሳት ነው" አለን። አዲሱ ድርጅት ሹፌር ሲፈልግ ግን እኔን "ግቢ" ያለኝ ራሱ ነው። "መስመሩን የሚያውቅ ሰው ይኑርበት" አለኝ። ገባሁ።

አዲሶቹ አውቶቡሶች በራቸው የሚከፈተው ሲስተሙ በሚያውቀው ፌርማታ ላይ ብቻ ነው። የፋብሪካው ፌርማታ ተሰርዟል። ምልክቱንም ከሥሩ ቆርጠው ወስደውት የብረት ጉቶ ብቻ ቀርቷል።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጉቶው አጠገብ አንድ ሰው ቆሞ አየሁ።

አባቴ ነበር። ሰማያዊ የሹፌር ጃኬቱን ለብሷል። እጁን አነሳ።

ፍሬን ያዝኩ። የበሩን ቁልፍ ተጫንኩ። አልከፍት አለ። ስክሪኑ ቀላ፣ የተቆጣጣሪው ድምፅ በሬዲዮ መጣ።

"ምን አቆመሽ?"

"ሰው አለ። ሽማግሌ ነው... አባቴ ነው።"

"እዚያ ፌርማታ የለም። ቀጥይ።"

ቀጠልኩ። እጁን ዘርግቶ የቆመውን አባቴን አልፌው ሄድኩ። ኑሮ ነው።

ግን በስፖኪዮ አንድ ነገር አየሁ...

እጁን አወረደ። ጃኬቱን አስተካከለ። ከዚያ አንድ እግሩን ከፍ አደረገ፤ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው። ሁለተኛውን አስከተለ።

መሬት ላይ አልመለሰውም።

በመሃል አንድ የጭነት መኪና ጋረደኝ። ሲያልፍ ጉቶው ብቻውን ነበር።

"ፀሐዩ ነው" አልኩ ለራሴ።

ማታ ቤት ስገባ አባቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። በመስመራችን ናፍጣ የሚሸት መኪና ከጠፋ ቆይቷል።

"ዛሬ ሰው ሞልቶ ነበር" አለኝ በሹክሹክታ።

"የት ነው የሞላው አባዬ?"

"ግን የሚወርድ የለም። ደወል የሚነካ የለም። ዙር... ደግሞ ዙር... ተረካቢም አልመጣ።"

እናቴ እጁን በሳሙና ታሻለታለች። መዳፉ ላይ የመሪ ቅርፅ ያለው ጥቁር ነገር ነበር። አይለቅም።

ጫማውን አነሳሁት። የቀኙ ሶል ተበልቶ አልቋል፤ የግራው ደህና ነው። ቆሞ የዋለ ሰው ሁለቱንም እኩል ነው የሚጨርሰው። የቀኙ ብቻውን የሚያልቀው ነዳጅ ሲረግጥ ነው...

እንዳይወጣ ቆለፍንበት። እናቴ በሩ ላይ ወንበር አድርጋ ቁጭ አለች። ከወንበሩ አልተነሳሁም ብላ ትምላለች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከፍታ ብታይ ክፍሉ ባዶ ነበር። ማታ ደግሞ እዚያው አልጋው ጠርዝ ላይ ተገኘ።

አባቴ በየቀኑ ይከሳል። ጉንጩ ጎደጎደ። ጃኬቱ መስቀያ ላይ የዋለ መሰለ።

እናቴ ኩሽና ጠራችኝና ጆሮዬ ሥር እንዲህ አለችኝ፦

"ልጄ፣ አባትሽ እያለቀብን ነው። አንድ ነገር አድርጊ። ሲሄድ አይሰማኝም፤ አንድ ቀን ደግሞ ላይመለስ ነው።"

በዕረፍት ቀኔ ክንዱን ይዤው አብሬው ሄድኩ። ብቻውን እንዲሄድ አልተውኩትም።

ጉቶው ጋ ቆምን። ሰው ይተላለፋል። አንድ ሎተሪ አዟሪ "እናት፣ ዕድልሽን ሞክሪ" አለኝ። ከአዲሶቹ አውቶቡሶች አንዱ ያለ ድምፅ አለፈን። አባቴ ቀና ብሎም አላየው።

"ይቺ ድመት ናት" አለ። "ሳትሰሚ ትረግጥሻለች።"

ሳቅኩ። ከወራት በኋላ የመጀመሪያ ቀልዱ ነበር።

ሳቄን ሳልጨርስ... የሞተር ድምፅ ሰማሁ።

ሳላየው አወቅኩት። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳዳምጠው ያደግኩት ድምፅ ነው። ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ የሚያስነጥሰው የአባቴ አውቶቡስ። ተጎትቶ የሄደው። የተቆራረጠው።

መጥቶ ፊታችን ቆመ። የፊት መስታወቱ ላይ ከልጅነቴ የማውቀው ስንጥቅ አለ። በሩ ተከፈተ።

የሹፌሩ ወንበር ላይ ማንም አልነበረም።

ሎተሪ አዟሪው በአጠገባችን አልፎ ሄደ። ዓይኑን ወደዚያ አላዞረም።

አባቴ ክንዱን ከእጄ አሾልኮ ወጣ። ተከትዬው ዘልዬ ገባሁ። ተቀምጦ መሪውን ይዟል። ወደ ኋላ ስዞር...

ወንበሩ ሁሉ ሞልቷል። ሽማግሌዎች፣ አሮጊቶች፣ ዘንቢል የያዙ፣ ክራንች የያዙ። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ፊት አድርገዋል። ሁሉም አንድ እጃቸውን ከፍ አድርገው አንስተዋል።

መንገድ ዳር ቆሞ አውቶቡስ እንደሚያስቆም ሰው።

ማንም አይተነፍስም። እጆቹ አይወርዱም።

"አባዬ" አልኩ። "አባዬ፣ እንውረድ። ቤት እንሂድ።"

"ሳላስረክብ?"

"ማን አለና ነው የምታስረክበው?"

"ሞተሩ እየሠራ ነው። ሰው ተሳፍሯል።"

"አባዬ በእናትህ..."

"ደክሞኛል ልጄ" አለኝ። "በጣም ደክሞኛል። ግን መሪ ያለ እጅ አይቀመጥም።"

ጣቶቹን ላላቅቅ ሞከርኩ። ብረት ሆነዋል። ያን ጊዜ እነዚያ ጎረምሶች ትዝ አሉኝ። እንደነሱ ጣቱን እየፈለቀቅኩ ነበር። አፈርኩ፤ ተውኩት።

በሩ ቀስ እያለ መዘጋት ጀመረ።

አላሰብኩበትም። አባቴን ማዳን ብቻ ነበር የፈለግኩት። ማንም የሹፌር ልጅ በእኔ ቦታ ቢሆን ያንኑ ነበር የሚያደርገው።

መሪውን በሁለት እጄ ያዝኩ።

"ተረክቤያለሁ።"

በሩ ባለበት ቆመ።

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ያ የጠፋው ዓይኑ ተመለሰ። እውነተኛው አባቴ ነበር ያየኝ።

"አንቺ?" አለ። "አንቺን አይደለም እኮ የጠበቅኩት..."

"ውረድ አባዬ። ተረክቤያለሁ አልኩህ።"

ጣቶቹ ተፈቱ። "በሰላም ያግባሽ" አለኝ። ወረደ። ዞሮ አላየም።

ከኋላዬ የልብስ መንኮሻኮሽ ሰማሁ፤ ሁሉም በአንዴ ወደኔ የዞሩ መሰለኝ። መሪውን ለቅቄ ዘለልኩ። ጉልበቴ አስፋልቱን ሲመታ... ጉቶው ብቻ ነበር። ፀሐዩ። አጥሩ። "ዕድልሽን ሞክሪ" የሚል ድምፅ።

አባቴ ዳነ። በልቶ ጠገበ፣ እንቅልፍ ወሰደው፣ ከእናቴ ጋር እንደ ድሮው ይጨቃጨቅ ጀመር። እጁ ላይ የነበረው ጥቁር በአንድ ጊዜ እጥበት ለቀቀ። ስለ አውቶቡሱ ምንም አያስታውስም። እናቴ በደስታ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

ሥራ ተመለስኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በፋብሪካው በኩል ሳልፍ አውቶቡሱ ጉቶው ጋ ቆሟል። ሞተሩ እየሠራ ነው። በሩ ክፍት ነው። የሹፌሩ ወንበር ባዶ ነው። በየመስኮቱ የተነሳ እጅ አለ፤ ፊቶቹ ግን አሁን ወደ ፊት አያዩም። እኔን ነው የሚያዩት።

"ምን አቆመሽ?" አለ ሬዲዮው።

"አውቶቡስ ቆሟል... መንገዱ ላይ..."

"እዚያ ምንም የለም። ቀጥይ።"

ቀጠልኩ። በማግስቱም። ከዚያም በኋላ።

ባለፈው እናቴ የእጅ ውሃ ስታቀብለኝ መዳፌን አየችው። ሳሙናውን አምጥታ ማሸት ጀመረች። አይለቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ ጓንት አደርጋለሁ። የቀኝ ጫማዬን ደግሞ አልጋ ሥር ደብቄዋለሁ፤ እንዳታየው።

ከአንባቢዎች መሃል ዘጠኝ ሰዓት ላይ በዚያ አጥር ሥር የሚያልፍ ካለ እለምናችኋለሁ... ማንም ቢያሳዝናችሁ መሪውን እንዳትነኩ።

ዛሬ አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ይህን የምጽፈው ከክፍሌ ነው። የኛ መንገድ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም፤ እንኳን አውቶቡስ ጋሪ አይገባበትም።

ቅድም ግን ከመስኮቱ ሥር አንድ ነገር አስነጠሰ። ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ...

አላየሁም። አላይም ብዬ ነበር። አየሁ።

አባቴ ረጅም ነው። የሹፌሩን ወንበር ሁልጊዜ ወደ ኋላ ገፍቶ ነበር የሚነዳው። አሁን ወንበሩ ወደ ፊት ተስቧል። ስፖኪዮውም ዝቅ ብሏል፤ በእኔ ቁመት ልክ።

በሩ ተንኳኳ። አባቴ ነው። ጢሙን ተላጭቷል፣ ፊቱ በርቷል። ሰማያዊ ጃኬቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሏል። ጭኔ ላይ አኖረልኝ። እጅጌው በእኔ ክንድ ልክ አጥሯል። እናቴ መርፌ አልነካሁም ትላለች።

"ልጄ" አለኝ በፈገግታ። "ሰው ተሳፍሮ ይጠብቃል። አታስጠብቂያቸው።"

"አባዬ፣ ምን እያልክ እንደሆነ ታውቃለህ?"

ጭንቅላቴን ዳሰሰኝ። እጁ ንጹሕ ነው።

"በሰላም ያግባሽ" አለኝ።

ወደ በሩ ሄደ። ጠራሁት።

"አባዬ!"

ደግሜ ጠራሁት። ጮህኩ።

ዞሮ አላየኝም።