ሁለት ሜትር ከስልሳ

ሃሴት ሀዋሳ ባህል አዳራሽ አካባቢ፣ መንገድ ዳር ከቆመው ነጭ ላንድክሩዘር ጥቂት እርምጃ ርቃ አርባ ደቂቃ ቆመች። ሾፌሩ አንዴ ሰዓታቸውን፣ አንዴ መንገዱን ያያሉ። እሷም አንዴ ሰዓቷን፣ አንዴ እሳቸውን ታያለች። ቢሮ «ሾፌሩ ይጠራሻል» ስላሏት ስሟን እስኪጠሩ ጠበቀች። እሳቸው ደግሞ «ኢንጂነሩን ይዘው ይሄዳሉ» ስለተባሉ ዓይናቸው ትከሻው የሰፋ ወንድ ይፈልግ ነበር።

በመጨረሻ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ታክሲ ከሆነ የምትጠብቂው ማዶ ነው የሚቆመው።»

«አይ፣ ታክሲ አይደለም። ወደ አፋር ነው የምሄደው።»

«ወደ አፋር?» አሉና የያዘችውን ረጅም ቀርከሃ አዩ። «እንዴ! ኢንጂነሩ አንቺ ነሽ እንዴ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ይህን ያህል ስቆም ዝም ትያለሽ?»

«ሌላ ሰው የሚጠብቁ መስሎኝ ነው።»

«እኔ ደግሞ ቀርከሃውን ሳይ አጥር የምታጥሪ መስሎኝ!» ጋሽ ወልደአማኑኤል እየሳቁ ወርደው ዕቃዋን ጫኑ። ሠላሳ ዓመት መኪና ነድተዋል፤ ቀርከሃ የያዘ ኢንጂነር ግን አጋጥሟቸው አያውቅም።

ቀርከሃው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ሜትር ከስልሳ ነበር። ወደ ሐሊባይ መንደር ውሃ የሚያመላልሰው ቦቴ ወርዱ ያው ነው። ሐሊባይ በረሃ መሀል ናት። ጉድጓዷ ጨው ከሆነ ወዲህ መቶ አርባ ቤተሰብ የሚጠጣው ቦቴው ያመጣውን ብቻ ነው። ቦቴው ግን የሚያቋርጠው የዳዳሬን ሜዳ ነበር፤ በዚያ ሜዳ የጎሳው የጥንት አባቶች ክብ ክብ ሆኖ በተካበ ድንጋይ ሥር ተቀብረዋል። ባለፈው ወር አንድ ጎማ አንዱን ካብ አፈረሰ። ሽማግሌዎቹ ሜዳውን ለመኪና ሁሉ ዘጉት። «ሙታንን የማይረግጥ መንገድ ካለ አሳዩን። እስከ ጁምዓ እንጠብቃለን፤ ከጠፋ ቅዳሜ መንደሩን ለቀን እንሄዳለን» አሉ።

ሃሴት ሀዋሳ አዲስ ከተማ ባለችው ጠባብ የቅየሳ ቢሮ ውስጥ ከሰማይ የተነሱ ምስሎችን ሳምንት ሙሉ ስታይ ከርማ፣ በሜዳውና በጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መካከል አንድ ቀጭን መስመር አገኘች። አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር። በስብሰባው ላይ አልተናገረችም፤ ጽፋ ለአለቃዋ ሰጠችው። አለቃዋ አንብቦ «በይ እንግዲህ፣ ነድታችሁ አሳዩ» አላት።

ከሀዋሳ የተነሱበት ዕለት ረቡዕ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ከገዋኔ አለፍ ብለው አስፋልቱን ለቀቁ። ሽማግሌዎቹ የላኩት አብዱራህማን እዚያ ተቀበላቸው። ቀጭን፣ ንግግሩ አጭር ሰው ነው። ሥራው ሁለት ነበር፤ መንገድ መምራትና መመስከር። ጎማው የተከለከለ መሬት ከነካ ነክቷል ማለት አለበት። ቀርከሃውን ከፓራውልቱ በላይ አግድም ሲያስሩት ዙሪያውን ዞሮ አየና «መኪናህ ቀንድ አበቀለች» አላቸው ለጋሽ ወልደአማኑኤል።

ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ሄዱ። ፀሐዩ የመኪናውን ጣራ ያግለው ጀመር። አንድ ሰው ሁለት ፍየል እየነዳ ከፊታቸው መጣ። ጋሽ ወልደአማኑኤል ጡሩምባ ነፍተው፣ እጃቸውን አውለብልበው አለፉት።

«አቁም!» አለ አብዱራህማን።

«ምን ሆነ?»

«ሰውየውን ዘለልከው። ተመለስ።»

«ሰላም ብዬው የለም እንዴ?»

«ያ ሰላም አይደለም። እዚህ ሁለት ሰው ከተገናኘ ቆሞ ያየውንና የሰማውን ይነግራል፤ የሌላውንም ይሰማል። ዳጉ ነው። ሳትሰማ የምትሄድ ከሆነ ለምን መጣህ?»

ጋሽ ወልደአማኑኤል ሃሴትን አዩዋት። ሃሴት ሰዓቷን አየች፤ ከዚያም «ይመለሱ፣ ጋሼ» አለች። መኪናዋ በራሷ ዱካ ላይ ወደ ኋላ እየተንገራገጨች ሄደች። ሰውየው ከቆመበት አልተነቃነቀም፤ እንደሚመለሱ ያወቀ ይመስል ነበር።

ሁለቱ አፋሮች ቁጢጥ ብለው ሩብ ሰዓት አወሩ። አብዱራህማን ተመልሶ ገባ። «ሦስት መኪና ጠዋት አልፏል፤ አንዱም አልቆመም። ወደ ዳዳሬ ነው። ቱሪስት የሚያመላልስ ሱልጣን የሚባል ሰው መኪኖች ናቸው። ሁለተኛ፣ ከምዕራብ ትልቅ አቧራ ይመጣል። ሦስተኛ፣ ኡዳ የሚባል ሰው ግመል አብዷል።»

«ግመል ደግሞ ምን አገባን?» ብለው ሳቁ ጋሽ ወልደአማኑኤል።

አቧራው ከቀትር በፊት ደረሰ። በመጀመሪያ እንደ ተራራ ከሩቅ ታየ፤ ከዚያ ተራራው ተነስቶ መሮጥ ጀመረ። ስለሰሙ ተዘጋጅተው ነበር። የመኪናውን ጀርባ ለነፋሱ ሰጥተው፣ ሞተሩን አጥፍተው፣ የአየር ማስገቢያውን በጨርቅ ጠቀጠቁት። አሸዋው ብረቱን እንደ በረዶ ደበደበው። በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ጥርሳቸው ውስጥ ተንኮሻኮሸ። ጋሽ ወልደአማኑኤል በስመ አብ አሉ፤ አብዱራህማን ቢስሚላህ አለ፤ ሃሴት ካርታዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

ነፋሱ ሲያልፍ ዱካ የሚባል ነገር አልነበረም። ምድሩ እንደገና የተፈጠረ መሰለ።

«አሁንስ በየት በኩል?» አሉ ጋሽ ወልደአማኑኤል።

ሃሴት ጂፒኤሷን ይዛ ወረደች። «የጎማውን ንፋስ በግማሽ ይቀንሱት። እኔ እቀድማለሁ፤ በረገጥኩበት ብቻ ይከተሉኝ። ሁለተኛ ዱካ አናወጣም።» ከፊት ከፊት እየሄደች አሸዋውን በእግሯ ፈተነች፤ በለሰለሰበት ወደ ጎን ሄዳ፣ በጠነከረበት እጇን አነሳች። ከአሸዋው ጫፋቸውን ብቻ ያወጡ ቁጥቋጦዎችን ሁሉ ዞረች። መኪናዋ እያቃሰተች ተከተለቻት። ሁለት ሰዓት እንዲህ ተጓዙ፤ ምድሩ ሲጠነክር ሃሴት ተመልሳ መኪናው ውስጥ ገባች።

አንድ ደረቅ የወንዝ ሸለቆ ውስጥ ሲገቡ የሚያጓራ ድምፅ ሰሙ። የኡዳ ግመል ነበር። መንገዱን መሀል ለመሀል ይዞ ቆሟል፤ አፉ አረፋ ደፍቋል፤ አንገቱን ዘርግቶ ጥርሱን ያፋጫል። ጋሽ ወልደአማኑኤል ድንጋይ ይዘው ወረዱ። «ሂድ ወዲያ!» ብለው ወረወሩ። ግመሉ ሄደ፤ የሄደው ግን ወደ እሳቸው ነበር።

ስልሳ ዓመት የሞላቸው ሰው በአንድ ዝላይ ኮፈኑ ላይ፣ በሁለተኛው ጣራው ላይ ተገኙ። ግመሉ በሩን በደረቱ ገጨው፤ መኪናዋ ተወዛወዘች።

«እረ አንድ ነገር አድርጉ!» ጮኹ ከላይ።

«ግመል ምን አገባን ብለህ ነበር» አለ አብዱራህማን ከውስጥ ሆኖ።

ሃሴት በኋላው መስኮት ተመለከተች። ከኋላቸው የሸለቆው መታጠፊያ ላይ አምስት ሴት ግመሎች ቆመው ያያሉ። ነገሩ ገባት። በወንዱና በሴቶቹ መካከል የገባችው መኪናዋ ነበረች። ወደ ሾፌሩ ወንበር ተሻግራ ሞተሩን አስነሳች። «ጋሼ፣ አጥብቀው ይያዙ!» አለችና መኪናዋን ወደ ሸለቆው ጥግ ቀስ ብላ አስጠጋቻት፤ የቀርከሃው ጫፍ ገደሉን ፋቀ። መሀሉ ተከፈተ። ግመሉ አጓራ፣ ምራቁን ረጨ፣ አንገቱን አቅንቶ በአጠገባቸው አልፎ ወደ ሴቶቹ ሄደ።

ጋሽ ወልደአማኑኤል ከጣራው ወረዱ። «ይህን ሀዋሳ የምታወሪ ከሆነ ከአሁኑ ንገሪኝ፤ እዚሁ እቀራለሁ።»

ዳዳሬ ሲደርሱ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ሜዳው ነጭ ነው፤ እስከ አድማስ ይዘረጋል። በላዩ ላይ ካቦቹ እንደተቀመጡ ሰዎች ተራ በተራ ተደርድረዋል። በግራ በኩል ጥቁሩ ድንጋይ እንደ ግንብ ተነስቷል። የሃሴት መስመር መግቢያ በሁለቱ መካከል ነበር፤ በዚያ መግቢያ ላይ ሁለት መኪኖች አፍ ለአፍ ገጥመው ቆመዋል። ሦስተኛው ሜዳው ውስጥ፣ የጨው ቅርፊቱ ተሰብሮ እስከ በሩ ሰምጧል።

ሱልጣን እየሮጠ መጣ። ከንፈሩ ደርቋል። «አልሐምዱሊላህ! መጎተቻ ዊንች አላችሁ። ግቡና ጎትቱልኝ።»

«እዚያ አይገባም» አለች ሃሴት።

«ምን አለች?»

ድምፅዋ አልተሰማም ነበር። ጋሽ ወልደአማኑኤል ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ ሰው ችግር ላይ ነው። አንዴ ገብተን ብንወጣስ?»

ሱልጣን አቋረጣቸው። «እህቴ፣ ስለ አንቺ መንገድ ገዋኔ ሰምቻለሁ፤ ወረቀት ላይ ነው ያለው። መኪና የሚያልፈው በሜዳው ብቻ ነው፤ ለሽማግሌዎቹም ይህንኑ እነግራለሁ። ካልጎተታችሁኝ ደግሞ እነዚህን ሁለቱን ከዚህ አላነሳም። ጁምዓ ነገ ነው አሉ!»

አብዱራህማን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሃሴትን ብቻ ያያት ነበር።

ሃሴት ጉሮሮዋን ጠረገች። «ጎማችን ሜዳውን አይረግጥም!» ጮኸች። ሁሉም ዞሩ፤ እሷም ራሷ ደነገጠች። ቀጥሎ ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ «መኪናህን ግን እናወጣዋለን» አለችው። «መጀመሪያ ውሃ ጠጡ።»

ጀሪካን አወረዱላቸው። ከዚያ አብዱራህማንን ጠየቀችው፤ በእግር፣ ያለ ጫማ መግባት ይቻላል አላት። ጫማዋን አወለቀች። የመኪናውን ዱካ ይዛ፣ ካቦቹን ሳትነካ፣ እርምጃዋን እየቆጠረች ሄደች። ጨው የተሰነጠቀ እግሯን አቃጠለው። ሰማንያ ሜትር። የላንድክሩዘሩ የብረት ገመድ ሠላሳ ነበር፤ የሱልጣን ሁለት መኪኖችም ሠላሳ ሠላሳ ሜትር የመጎተቻ ገመድ አላቸው።

«ሦስቱን ቀጥሉ» አለች። «ከዳር ሆነን በገባበት ዱካ ወደ ኋላ እንስበዋለን። አዲስ መሬት አይነካም።»

በባዶ እግራቸው ገብተው በአካፋ ጎማዎቹን አወጡ፤ ከሥራቸው ጣውላ አነጠፉ። ጋሽ ወልደአማኑኤል ዊንቹን ያዙ። ገመዱ ተወጠረ፤ እንደ ክራር ጅማት ጮኸ። መኪናው አልተነቃነቀም። «ሌላ ጣውላ!» አለች ሃሴት። እንደገና ሳቡ። ጨው ተሰነጠቀ፣ ጭቃው ተንቦጫረቀ፣ መኪናው እየተንፏቀቀ በራሱ ዱካ ላይ ወደ ኋላ ወጣ። ፀሐይ ስትጠልቅ ዳር ላይ ቆመ።

ሱልጣን ጭቃ በጭቃ ሆኖ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ትታችሁኝ ለምን አልሄዳችሁም?»

«መንገዱን ዘግተህብን በየት እንሂድ?» አሉት ጋሽ ወልደአማኑኤል። ሁሉም ሳቁ፤ ሱልጣንም ሳቀ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ተነስቶ አካፋ ይዞ ተመለሰ፤ ዱካውን በእጁ እየደለደለ ሞላው።

ጁምዓ ገና ሲነጋ ሱልጣን መኪኖቹን ከመግቢያው አነሳ፤ እነሱም መስመሩ ውስጥ ገቡ። ሃሴት ከፊት፣ መኪናዋ ከኋላዋ። ቀርከሃው በግራ ጥቁሩን ድንጋይ፣ በቀኝ የሙታኑን ድንበር እየለካ አለፈ። ስምንት ኪሎ ሜትር ያለ ችግር ሄዱ። ዘጠነኛው ላይ እጇን አነሳች። በቀኝ አንድ ካብ ከሌሎቹ ወጣ ብሏል፤ በግራ ድንጋዩ አፍንጫውን አስግጓል። ለቀርከሃው ማለፊያ አንድ ስንዝር ጎደለ።

ጋሽ ወልደአማኑኤል ወርደው አዩ። «ለመኪናዋ ይበቃታል። ቀርከሃውን ፈትተን ብናልፍስ?»

«እኛ እናልፋለን። ቦቴው አያልፍም።»

«እንግዲያው ያቺን የካቡን ጫፍ ድንጋይ ትንሽ ገፋ...» ብለው አብዱራህማንን ሲያዩ ተዉት።

ሃሴት ጥቁሩን ድንጋይ በመዳፏ መታችው። «ይህን ነው የምንሰብረው።» ዲጂኖ አንስታ የመጀመሪያውን ራሷ መታች። ብረቱ ነጠረ፤ እጇ ደነዘዘ። ደገመች። ጋሽ ወልደአማኑኤል ክሪኩን ስንጥቁ ውስጥ ከተቱ። ከኋላቸው የእግር ኮቴ ሰሙ፤ ሱልጣን ሁለት ሾፌሮቹን አስከትሎ፣ ትልቅ መዶሻ ተሸክሞ በእግሩ መጥቶ ነበር።

«ዞር በሉ» አለ።

ሦስት ሰዓት ሙሉ ተፈራርቀው መቱ። ፍንካቹ ፊታቸውን ቧጨረው፤ የሃሴት መዳፍ ላብ ከደም ቀላቀለ። በመጨረሻ አፍንጫው ተገምሶ ሲወድቅ ምድሩ አስተጋባ። ጋሽ ወልደአማኑኤል በአንደኛ ማርሽ፣ እስትንፋሳቸውን ይዘው ገቡ። ቀርከሃው በግራ አልነካም። በቀኝ አልነካም።

«እልልል!» አሉ ጋሽ ወልደአማኑኤል፣ ሴት ባለመኖሯ ይቅርታ እየጠየቁ።

«እኔ ምንድን ነኝ?» አለች ሃሴት፤ እልልታውንም ተቀብላ አቀለጠችው።

ሐሊባይ ሲደርሱ ሰላት ሊጀመር ጥቂት ቀርቶት ነበር። መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ቆሟል። የጎሳው ሽማግሌ ሐጂ ያዮ በትራቸውን ተደግፈው መሀል ላይ ተቀመጡ። ወሬው በፍየል እረኞች አፍ ቀድሟቸው ገብቷል፤ እንዲያም ሆኖ «ልጅቷ ትናገር» አሉ። አብዱራህማን ሊያስተረጉም ቆመ።

ሃሴት ከአምስት መቶ በላይ ሰው ፊት ቆመች። ከአቧራው እስከ ድንጋዩ ሁሉን ተናገረች፤ ምን ያህል ድንጋይ እንደሰበሩም አልደበቀችም። በመጨረሻም «አንድ ሰው ሳናነጋግር አልፈን ነበር። አብዱራህማን ነው የመለሰን» አለች።

ሐጂ ያዮ ዓይናቸውን አጥብበው አዩዋት። «እሱን ማንም አልነገረንም ነበር። ለምን ነገርሽን?»

«ሆኗል፤ ስለዚህ ነገርኳችሁ።»

ሽማግሌው ወደ አብዱራህማን ዞሩ። «የእነሱ ጎማ የአባቶችን መሬት ነክቷል?»

«አልነካም።»

ሐጂ ያዮ በትራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ቦቴው በዚህ መስመር እንዲገባ ፈቀዱ። ሌላ መኪናም፣ የሱልጣንም ቢሆን፣ የመንደሩን ሰው ከፊት አስቀድሞ በአንድ ዱካ ብቻ እንዲሄድ፣ ያገኘውን ሰው ቆሞ እንዲያነጋግር አዘዙ። ሴቶቹ ጮኹ፤ ሰዎች ሃሴትን እጇን ይዘው ሳሟት፤ የቆሰለ መዳፏን ሲያዩ በስብ ቀቡላት።

ቦቴው ማክሰኞ ከቀትር በፊት ሐሊባይ ገብቶ ውሃውን ገለበጠ። ቅዳሜ መንደሩን ለቆ የሄደ ቤተሰብ አልነበረም።