ሁዳዴን የጾመው እንሽላሊት

እኔ በእንዲህ ያለ ነገር ከማያምኑት ወገን ነኝ፣ ከሁሉ አስቀድማችሁ ይህን ያዙልኝ። ጥላ አየሁ፣ ኮቴ ሰማሁ፣ ስሜን የጠራኝ አለ የሚል ሰው ሲመጣብኝ "እራት ሳትበላ ተኝተህ ነው" ብዬ የምሸኝ ሴት ነኝ፣ ደግሞም እንጀራዬ ልብስ ስፌት ነው፣ ልብስ ሰፊ የሚያምነው በሜትር የለካውን ነው። የምነግራችሁ ነገር በሌሊት ደርሶብኝ ቢሆን ኖሮ ሕልም ነው ብዬ እተወው ነበር፣ ችግሩ በጠራራ ፀሐይ፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ እዚሁ ላሊበላ በገዛ ቤቴ መሆኑ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአባቴ ነው። ክር በጥርሷ እየበጠሰች ስፌት ያስተማረችኝ እናቴ ካረፈች በኋላ አባዬን ከገነተ ማርያም ማዶ ካለው አገራችን አምጥቼ እኔ ዘንድ አስቀመጥኳቸው፣ እሳቸው ግን መጡ ማለት አይቻልም፣ ገላቸው ብቻ ነው የመጣው። እህል ሳቀርብላቸው ትንሽ ይቀምሳሉ፣ ሳናግራቸው "እህ" ይላሉ፣ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ቀርተው ነበር።

አንድ ቅዳሜ፣ ሁዳዴ ሊገባ ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ እንደ ምንም ለምኜ ገበያ ይዣቸው ወረድኩ። ከተከዜ ቆላ ሎሚና በርበሬ እያመጣ የሚሸጥ ሰይድ የሚባል ደንበኛ አለኝ፣ ገና ሲያየኝ "እታለም፣ ነይማ ጉድ ላሳይሽ" አለና አንድ ቅል ገለበጠ። ከቅሉ የወጣው የክንዴን ግማሽ የሚያህል እንሽላሊት ነው፣ ራሱ ሰማያዊ፣ ገላው ነሐስ የመሰለ። ድንጋይ ላይ ወጣና በፊት እግሮቹ እየተደገፈ ዝቅ ከፍ፣ ዝቅ ከፍ ማለት ጀመረ።

"ይሰግዳል፣ ወላሂ" አለ ሰይድ። "አምስቱንም ወቅት አያዛንፍ።"

አባዬ ከኋላዬ ብቅ አሉ። "ተወን እስቲ፣ ይኼ የስቅለት ስግደት ነው። ይኼማ የኛ ነው።"

"አባቴ፣ እኔ ቤት እኮ ነው የተገኘው።"

"መገኘቱንስ ተገኘ፣ እዚህ ድረስ የመጣው ሊጠመቅ ይሆናል።"

ሰይድ ሳቀ፣ አባዬም ሳቁ። ሁለት ዓመት ያላየሁትን ጥርሳቸውን ያየሁት የዚያን ዕለት ነው፣ እናንተስ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ፣ እዚያው ቆሜ ገዛሁት። ዋጋውን አልነግራችሁም፣ ትስቁብኛላችሁ። ሰይድ ሲያስረክበኝ "አብሽሪ፣ የማይከብድ እንግዳ ነው፣ ያገኘውን ይበላል" አለኝ፣ ይህችን ቃል አምኜ ነው የተሳሳትኩት።

አባዬ ቆለኛው ብለው ስም አወጡለት። የለስላሳ ሳጥን አመጣሁ፣ ከሙሽራ ቬሎ የተረፈኝን ቱል የሚባል ስስ ጨርቅ ከላይ ወጠርኩበት፣ መስኮቱ ሥር አኖርነው። ጠዋት ጠዋት አባዬ ሳጥኑን አቅፈው ደጅ ፀሐይ ያሞቁታል፣ እሱ ይሰግድላቸዋል፣ እሳቸው ደግሞ "እሱ ሲሰግድ እኔ ልተኛ?" ብለው ቅዳሴ መሄድ ጀመሩ። እኔ ከስፌት መኪናዬ ላይ ቀና እያልኩ በደስታ አለቅስ ነበር፣ እመኑኝ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። የመጀመሪያው ሰኞ ሁለት ዝንብ ይዤ ወደ ሳጥኑ ስጠጋ አባዬ አዩኝ።

"ምንድን ነው?"

"ዝንብ ነው አባዬ፣ ለቆለኛው።"

"በሁዳዴ? ዝንብ ሥጋ አይደለም?"

"እንስሳ እኮ ነው አባዬ።"

"የነነዌ ከብቶችስ ምን ነበሩ? ንጉሡ ከነከብቱ ይጹም ብሎ አላወጀም? በቀደም አይደል ነነዌን የጾምነው? የሚሰግድ ፍጥረት ይጾማል።"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም አምኜበታለሁ፣ ያን ሁሉ ስግደት አይቼ እንዴት ላስገድፈው? ዝንቦቹን ለቀቅኳቸውና ሽሮ በቀጭኑ ሰጠሁት፣ ምስር ዘፍዝፌ ሰጠሁት፣ ጎመን ቀንጥሼ ሰጠሁት። ሽሮውን በምላሱ ጫፍ ቀመስ አደረጋት፣ እኛም እልል ልንል ምንም አልቀረን።

በሁለተኛው ሳምንት ሰማያዊው ራሱ አመድ መሰለ። ሆዱ ከጀርባው ጋር ተጣበቀ፣ ጅራቱ እንደ ረጠበ ገመድ ተጋደመ፣ አንድ ዓይኑ ተከደነና አልገለጥ አለ። መስገዱንም ተወ። አባዬ ሁለት ቀን አጠገቡ ቁጭ ብለው አዩትና በሦስተኛው ቀን "እኔ የነካሁት ነገር አይበረክትም" ብለው ተነሥተው አልጋቸው ላይ ወጡ፣ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው አዞሩ። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። የማስታምመው አንድ እንሽላሊት መስሎኝ ነበር፣ ለካ ሁለት ነፍስ ነው።

በማግስቱ ቆለኛውን ቅርጫት ውስጥ ከትቼ እንስሳት ወደሚታከሙበት ሄድኩ። ሐኪሙ ከአንድ ለአምስት ስብሰባ እስኪመለስ ተሰለፍን፣ ከፊቴ ጀርባዋ የተላጠ በቅሎ የያዘ ሰውዬ አለ፣ ዘወር አለና፣

"ምን ይዘሽ ነው እቴ?" አለኝ።

"እንሽላሊት።"

"ታልቢዋለሽ?"

"አላልበውም።"

"ትጭኚበታለሽ?"

"አልጭንበትም።"

"ታዲያ ምን ያደርግልሻል?"

"ይሰግዳል" አልኩት። ሰውዬው በቅሎዋን ሁለት እርምጃ ከእኔ አራቀ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ደግነቱ አልሳቀብኝም፣ እስኪጠይቀኝ ድረስ ማለቴ ነው።

"ምን ያበሉታል እትዬ?"

"ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን።"

"ነፍሳት ነገር? ፌንጣ፣ ጉንዳን?"

"ሁዳዴ አይደለም እንዴ?"

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ መልሶ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ፣ ከዚያ ዓይኑን ጠረገና "እትዬ፣ ይህ እንስሳ አልታመመም፣ እየጾመ ነው" አለኝ። ቀጥሎ ግን ፊቱ ጠቆረ። "ፀሐይ ያሙቁት፣ ፌንጣ ይስጡት። እስከ እሑድ ካልበላ አይተርፍም።" የዚያን ዕለት ረቡዕ ነበር።

አባዬ ይህን ስነግራቸው ከግድግዳው ዞር ሳይሉ "ጾም አስገድፌ የማድነው ነገር የለኝም" አሉ። ስለዚህ የነፍስ አባታችንን መምሬ አስረስን ሄጄ ለመንኳቸው፣ ሐሙስ ማለዳ መጡ። ቱሉን ገለጥ አድርገው ቆለኛውን ብዙ አዩት፣ ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"አያ ምስጋናው፣ የነነዌ ከብት የጾመው ሦስት ቀን ነው፣ አንተ ምስኪኑን ሁለት ሳምንት ቀጣኸው። እኛስ ብንሆን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይደል የምንቆየው? ከቅዳሴ መልስ የተፈጠረለትን ይብላ፣ ዕዳው በኔ።"

"ፌንጣ ይብላ ነው የሚሉኝ?"

"መጥምቁ ዮሐንስ በበረሃ አንበጣ ሲበላ ማን ከለከለው?"

"አንበጣ የተባለው ቅጠል ነው ይላሉ ሊቃውንቱ።"

"እንግዲያ ይኼንንም ቅጠል ነው ብለህ አብላው፣ አታድክመኝ።"

አባዬ ተነሥተው ነጠላቸውን ፈለጉ፣ መምሬን ተከትለው ቅዳሴ ሄዱ። እኔ ጓሮ ጎመኑ ውስጥ ገባሁ፣ ፌንጣ በማለዳ ብርድ ይዞት መዝለል አይችልም፣ እንደ ባቄላ ይለቀማል። በወተት ዱቄት ጣሳ አጠራቀምኳቸው፣ ክዳኑን በምስማር በሳስቼ ገጠምኩት፣ እንዳይከፈትም በነጭ ክር ዙሪያውን አሰርኩት። ልቤ አላስችል ብሎኝ ዘጠኝ ሰዓት ሳይደርስ አንዷን ጣልኩለት። ፌንጣዋ አፍንጫው ላይ ወጣች፣ ግንባሩን ተሻግራ ጀርባው ላይ ቁጭ አለች፣ እሱ ወይ ፍንክች። መልሼ ጣሳ ውስጥ ከተትኳት፣ በሩን ቆልፌ የተሰፋ ልብስ ላደርስ ወጣሁ።

አሥር ሰዓት ገደማ ስመለስ የፌንጣ እግር ሳጥኑ ውስጥ ወድቆ አገኘሁ፣ የቆለኛው ዓይን ተገልጧል። የቤቱ ቁልፍ ሁለት ነው፣ አንዱ እኔ ዘንድ፣ አንዱ አባዬ አንገት ላይ፣ ስለዚህ ከቅዳሴ ሲመለሱ አብልተውት ወደ ደጅ ወጥተዋል አልኩ። ሲገቡ "እግዜር ይስጥልኝ አባዬ" አልኳቸው፣ ፈገግ አሉና ጋቢያቸውን አጣጠፉ። በማግስቱም እንደዚያው። እሑድ አለፈ፣ ቆለኛው አልሞተም፣ እንዲያውም ጅራቱን ማንሣት ጀመረ። በሳምንቱ ራሱ ሰማያዊ ሆነና አንድ ጠዋት ፀሐይ ላይ ሰገደ። ቤታችን ሠርግ ቤት መሰለ።

ያላማረኝ አንድ ነገር ክሩ ነው። ክር ሥራዬ ነው፣ ጠዋት ያሰርኩትን ክር ማታ አውቀዋለሁ። በየቀኑ ከጫፉ ጥቂት እያጠረ ይሄዳል፣ ቋጠሮውም የኔ ቋጠሮ አይደለም፣ ወደ ግራ የተጠመዘዘ፣ ጥብቅ ያለ፣ ደስ የሚል ቋጠሮ ነው። አንድ ምሽት ሽሮ እያቀረብኩ፣

"አባዬ፣ የጣሳውን ክር ለምን ያሳጥሩታል?" አልኳቸው።

"የቱን ጣሳ?"

"የፌንጣውን።"

"እኔ ጣሳ ነክቼ አላውቅም" አሉና መብላታቸውን ቀጠሉ።

በማግስቱ የትም አልሄድኩም። አባዬ ቅዳሴ ሄዱ፣ በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩ፣ መኪናዬ ወዳለችበት ከመጋረጃው ጀርባ ገብቼ እግሬን ከፔዳሉ አውርጄ ተቀመጥኩ። ቀኑ ብራ ነው፣ ደጅ ዶሮ ይጭራል፣ ጎረቤት ሬዲዮ ይዘፍናል፣ በራሴ እየሳቅሁ ነበር፣ አይጥ ናት፣ ዛሬ አይጧን እይዛታለሁ እያልኩ። የቅዳሴው መውጫ ደወል ተሰማ። ሬዲዮውም ዶሮውም ባንድ ጊዜ ዝም ያሉ መሰለኝ፣ ምናልባት እኔ ጆሮዬን ስላቆምኩ ይሆናል፣ እሱን አልምልም።

መጀመሪያ የቆለኛው ጥፍር ሳጥኑን ሲቧጥጥ ሰማሁ። ቀጥሎ የጣሳው ክዳን ጢቅ አለ፣ ድምፁን አውቀዋለሁ። መጋረጃውን በጣት ያህል ገለጥኩ። ሰው የለም። መስኮቱ ዝግ፣ መቀርቀሪያው እንዳለ ነው። ቱሉ ወደ ጎን ተሰብስቧል፣ ቆለኛው አንገቱን ወደ ላይ ቀስሮ የሆነ ነገር በዓይኑ ይከተላል፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ልክ እጅ እንደሚከተል። ከዚያ አፉን ከፈተ። መጋረጃውን ለቀቅኩት። ቀጥሎ የሰማሁት ድምፅ ነው እስከ ዛሬ የማይለቀኝ፣ ሰው ክር በጥርሱ ሲበጥስ የሚሰማው ድምፅ። እኔ ራሴ በቀን መቶ ጊዜ የማሰማው ነው፣ አልሳሳትበትም።

እንዴት እንደ ተነሣሁ አላውቅም። ስወጣ ቱሉ ተወጥሯል፣ ቆለኛው ያላምጣል፣ የፌንጣዋ እግር ከአፉ ጥግ ወጥቷል። ጣሳው ታስሯል። ክሩን በሁለት ጣቴ ነካሁት፣ ጫፉ እርጥብ ነበር።

አባዬ ሲያንኳኩ አሥር ሰዓት ሆኗል። መቀርቀሪያውን ከፍቼ እየተንተባተብኩ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። እስክጨርስ አዳመጡኝ፣ ከዚያ ቆጣ አሉ።

"ከውስጥ ተቀምጠሽ አየሽ?"

"አዎ አባዬ።"

"ደግ አልሠራሽም። እኔ ከመጀመሪያው ቀን አውቃለሁ። ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ዛፉ ሥር ተቀምጬ የምቆየው ለምን ይመስልሻል? ሰው ሥራው ላይ እያለ ዘው ተብሎ አይገባም።"

"ማን ነው አባዬ?"

አላዩኝም፣ ቆለኛውን ነው ያዩት። "ጠግቧል እሱ" አሉ። "እኛም እንብላ እንጂ።" የዚያን ቀን ደግመው በሉ፣ እኔ ግን ጥያቄዬን ደግሜ አልጠየቅሁም። ቢመልሱልኝስ?

ይህን ስጽፍ ቆለኛው መስኮቱ ሥር ፀሐይ ይሞቃል፣ ወፍሯል፣ አባዬ ደጅ ከጎረቤት ጋር ሲከራከሩ ይሰማኛል፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ካዞሩ ቆይተዋል። እኔ አሁንም በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም። ብቻ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል የምገዛው ክር ወይ የማደርሰው ልብስ አላጣም፣ ወጣ እላለሁ። ስመለስም ባዶ ቤቴን፣ ራሴ የቆለፍኩትን፣ ከመክፈቴ በፊት ደጁ ላይ ቆሜ እህህ ብዬ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ፣ ትንሽም እጠብቃለሁ። እስካሁን "ግቢ" ያለኝ የለም።