ናካ ሳይወጣ የነፋነው ቀንድ

ይህ የደረሰው በእኔ በራሴ ላይ ነው። ማመን ያቃተው ሌሶቶ፣ ሞኾትሎንግ ድረስ መጥቶ ኮአባኔን ይጠይቅ። ኮአባኔ ጠላቴ ነው... ለእኔ ብሎ አይዋሽም።

ግንቦት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ከሌሊቱ አስር ሰዓት ተኩል። ከመንደራችን በላይ ባለው ተራራ ጫፍ ላይ ከአባቴ ጋር እሳት አንድደን ተቀምጠናል። ሳሩ በውርጭ ደርቆ ስንረግጠው ይሰበራል።

የምንጠብቀው ናካን ነው።

ናካ ግዙፍ ኮከብ ነው። ፀሐይን በብዙ እጥፍ ይበልጣል ይላል የመንደራችን አስተማሪ። ከደቡቡ ሰማይ ጠፍቶ ይቆይና ብርዱ ሲገባ፣ ጎህ ሳይቀድ ብቅ ይላል። ቀድሞ ያየው ሰው ቀንድ ይነፋል፤ አለቃው ጊደር ይሸልመዋል። ዓመቱም የእሱ ነው።

አባቴ፣ መንደሩ በአክብሮት ንታቴ ሞሉፔ የሚለው፣ ስምንት ዓመት ማንንም አላስቀደመም። ዘንድሮ ግን ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ኮአባኔ ግን ጠርጥሯል። ከጎናችን ካለው ጉብታ ላይ ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ ሲነዘንዘን አደረ።

"ሽማግሌው! ዘንድሮ በዳበሳ ነው የምታየው?"

አባቴ ጥርሱን ነከሰ።

"ሴአባታ..." አለኝ በሹክሹክታ።

"አቤት አባዬ።"

"ስታየው ትከሻዬን ንካኝ። እኔ እነፋለሁ።"

"ማጭበርበር እኮ ነው።"

"በዚህ ዕድሜዬ የዚህ ባለጌ መሳቂያ ልሁን?"

እሺ አልኩ። አባቴ ከሚዋረድ ብዋሽ ይሻለኛል።

በእኛ መንደር ግን አንድ ሕግ አለ። ናካ በደቡብ ካለው ከማዶው ተራራ ጫፍ ተላቆ ካልወጣ ቀንድ አይነፋም። ያልወጣ ኮከብ አይጠራም። ለምን ብዬ ጠይቄ የመለሰልኝ ሽማግሌ የለም።

ትንሽ ቆይቶ በደቡብ በኩል አንድ ነጭ ብርሃን አየሁ።

ኮአባኔ እንዳይቀድመን ፈራሁ። ደግሜ ሳላየው የአባቴን ትከሻ ነካሁ።

ነፋ።

ከጉብታው ላይ ስድብ ጠበቅሁ። ዝም...

ያኔ ነው ብርሃኑን ደህና አድርጌ ያየሁት።

ናካ ይንቀጠቀጣል። ቀይ ይላል፣ አረንጓዴ ይላል። ይህኛው ግን ፍንክች አይልም። ደግሞ...

ደግሞ ከማዶው ተራራ በላይ አልነበረም። የተራራው ጥቁር ጎን ላይ ነው ያለው። ኮከብ ከአለት ፊት ለፊት ይወጣል?

የሰው ፋኖስ ይሆናል አልኩ። ግን ያ ጎን ዝንጀሮ እንኳ የማይቆምበት ገደል ነው።

"አየሁት!" አለ አባቴ።

"ምኑን?"

"ናካን ነዋ! ጥርት ብሎ ይታየኛል።"

አጠገቡ ያለውን እሳት እንኳ የማያይ ሰው።

ብርሃኑ ወደ ሸለቆው ወረደ... ከዚያ ወደ እኛ መውጣት ጀመረ። ድምፅ የለውም። ነፋስ ሳይኖር የእሳታችን ጭስ ወደ እሱ ተሳበ።

የአባቴ ጥላ ሳሩ ላይ ረዘም ብሎ ተዘረጋ። የእኔን ፈለግሁ። የለም።

በዚህ መሃል ኮአባኔ ቀንዱን ነፋ። ቀና አልኩ። እውነተኛው ናካ ከተራራው ጫፍ ተላቆ፣ በቦታው፣ እየተንቀጠቀጠ ወጥቷል።

ታዲያ እኛ የጠራነው ማንን ነው?

አባቴ ብድግ አለ። "መጣሁ" አለ፤ ለእኔ ግን አልነበረም።

"አባዬ፣ ተቀመጥ!"

"ልቀቀኝ!"

በሕይወቱ መትቶኝ አያውቅም። ያን ዕለት መታኝ። ጉልበቱ የወጣት ነበር፤ በጀርባዬ ወደቅሁ።

ቁልቁለቱን ሲወርድ አንዴ እንኳ አልተደናቀፈም። ተነስቼ ልከተለው ስል አንድ ክንድ ከኋላ አንገቴን ያዘኝ። ኮአባኔ ነው። ከጉብታው ሮጦ መጥቷል።

"ስሙን እንዳትጠራ" አለኝ ጆሮዬ ስር።

"አባቴ ነው!"

"አውቃለሁ። ግን ናካ ሳይወጣ ቀንዱን የነፋው እሱ ነው። የሚፈልገው የጠራውን ነው።"

"ያየሁት እኔ ነኝ! እሱ አላየም፣ እኔ ነኝ ያስነፋሁት!"

ኮአባኔ ክንዱን ከአንገቴ ላይ አነሳ። ቀስ ብሎ ወደኋላ ሸሸኝ።

ብርሃኑ ድርግም ብሎ ጠፋ።

ጎህ እስኪቀድ ካለሁበት አልተንቀሳቀስኩም። እግሬ እምቢ አለኝ ብል ውሸት ነው፤ ፈርቼ ነው። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝም ይኸው ነው።

ሲነጋ ሁለታችንም ወረድን። አባቴን ከማዶው ገደል ግርጌ አየሁት። ብርድ ልብሱን ተከናንቦ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል።

"አባዬ!" እያለቀስኩ ሮጥኩ።

ዞሬ ከፊቱ ቆምኩ።

ሰው የለበትም። ብርድ ልብሱ በውርጭ ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ጠንክሮ ብቻውን ነው የቆመው። የደረቱ መርፌ ቁልፍ እንኳ አልተፈታም።

እጄን ወደ ውስጥ ሰደድኩ። ገና አሁን እንደተነሱበት አልጋ ይሞቃል።

መዳፌን የአባቴ ደረት በነበረበት ቦታ፣ ባዶው ላይ አሳረፍኩ...

መዳፌ ስር የአባቴ ልብ ይመታል።